መለዋወጫው እስኪመጣ

በነሐሴ አጋማሽ ሮማን ያየ ሰው ነዋሪው ከተማዋን ጥሏት ጠፍቷል ቢል አይፈረድበትም። ፌራጎስቶ የሚሉት የበጋ በዓል ሲደርስ ጋጋሪው ዳቦ ቤቱን፣ ሐኪሙ ክሊኒኩን ዘግቶ ወደ ባሕር ይነጉዳል። ዕቃ የሚያመላልሱት መኪኖች እንኳ ያርፋሉ። ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ወረድ ብላ ያለችው ትንሽ የስልክ ሱቅ ግን ክፍት ነበረች። ክፍት የሆነችውም ባለቤቶቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ትጉህ ስለሆኑ አይደለም። ሻጯ ኖኤሚ አንድ ስክሪን እየጠበቀች ነው።

ስክሪኑ ለሰላሙ ስልክ ነው። ሰላሙ ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ስልኩ ላውራ፤ እነዚህን ሁለት ልጆች ያገናኛቸውም፣ ያን ቅዳሜ ፊትና ጀርባ ያደረጋቸውም እሱ ነውና።

ኖኤሚ የምትሠራበት ኮፔራቲቫ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ የሚሸጠው ስልክ እንደ ሌላው በሙጫ የታሸገ አይደለም። በአንዲት ካቻቢቴ ይከፈታል። ባትሪው ከደከመ ባትሪው፣ ስክሪኑ ከተሰበረ ስክሪኑ ብቻ ተቀይሮ ስልኩ ዕድሜው ይቀጥላል። በውስጡ ያለው ማዕድንም ቆፋሪው የድካሙን እንዲያገኝ ተብሎ ከየት እንደመጣ ተጠይቆ የተገዛ ነው ይላሉ ሠሪዎቹ። ታዲያ ይህ ሁሉ በነጻ አልመጣም። ዋጋው ውድ ነው፣ ሰውነቱ ወፍራም ነው፣ ፎቶውም ደብዘዝ ይላል። የኖኤሚ እናት ወይዘሮ ካርሜላ ስልኩን ያዩ ቀን እጃቸው ላይ መዘን አደረጉትና «ለዚህ ጡብ ነው ሰው ብሩን የሚያወጣው?» ብለው ሳቁ። ኖኤሚ አልሳቀችም። ስለዚያ ስልክ ሲነሳ መሳቅ አይሆንላትም።

ሰላሙ ሱቁ የገባው በጥር ወር ቻርጀር ሊገዛ ነበር። ኖኤሚ ለአንድ ደንበኛ ስልኩን ከፍታ ስታሳይ ብሎኖቹ እንዳይጠፉባት መዳፉን ዘረጋላት፤ እሷም ሳታስበው አንድ በአንድ አስቀመጠችበት። ደንበኛው ሲሄድ ለእሱም ማስረዳት ጀመረች። ታንታለም የሚባል ጥቁር ድንጋይ እንዳለ፣ ያለ እሱ ስልክ እንደማይሠራ፣ ቆፋሪዎቹ ምን እንደሚደርስባቸው።

«አውቀዋለሁ» አላት በአማርኛ። «አባቴ ከሻኪሶ ወዲያ እሱን ሲቆፍር ነው አፈር የተጫነው።»

ኖኤሚ ማስረዳቷን አቆመች። ብሎኖቹ ግን አሁንም መዳፉ ላይ ነበሩ፤ መልሳ ስትወስዳቸው ጣቷ ጣቱን ነካው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላሙ ቻርጀር በጣም የሚጠፋበት ሰው ሆነ።

ስልኩን የገዛው በሰኔ ነው። ሮማኒና ባለው ትልቅ ሕንፃ አብረውት የሚኖሩት ልጆች እስኪደክማቸው ሳቁበት። በዚያ ዋጋ ሌላ ስንት ነገር ይገዛ እንደነበር የማይነግረው አልነበረም። ሰላሙ መልሱ አንድ ነበር፦ «እናቴን የማያት በስልክ ብቻ ነው። ቶሎ የማይሞት ስልክ ነው የምፈልገው።» እውነቱን ነው። ፔርሜሶው፣ የስደተኛ መኖሪያ ፈቃዱ፣ አውሮፓ ያኖረዋል እንጂ አገሩ አያስገባውም። እናቱ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዘዋል።

ወይዘሮ ካርሜላ ልጁን አልጠሉትም። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ሮማ መጥተው በስደት ስም ሳይሆን በፓስፖርት የኖሩ ሰው ናቸው። «ጨዋ ልጅ ነው» ይሉ ነበር፤ «ግን ዛሬ ሮማ ነው፣ ነገ ጀርመን ነው። አንቺን የት ሊያኖርሽ ነው?» ኖኤሚ ይህን ጥያቄ በሰማች ቁጥር ትናደድ ነበር።

በጋውን ሰላሙ ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ እየተከለ፣ ወንበር እየደረደረ ይሠራል፤ ሳምንቱን እዚያው አድሮ ለዕረፍቱ ሮማኒና ይመለሳል። ሰኞ ዕለት የጃንጥላ ብረት ስልኩ ላይ ወደቀ። ፈቃድ ጠይቆ በባቡር ወደ ኖኤሚ በረረ።

«ርካሽ ስልክ ልግዛና ልገላገል» አላት።

«አትግዛ። ስክሪኑ እስከ ረቡዕ ይመጣል።» ከዚያም ሁልጊዜ ለደንበኛ የምትለውን ለእሱም አለችው። «ሲሰበር የምንጥለው ከሆነ ከሌላው በምን ተለየ?»

ሰላሙ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ። ሲም ካርዱን አውጥታ በራሷ ትንሽ ስልክ ውስጥ ከተተችው፤ እናቱ ቢደውሉ የሚያነሳ ሰው እንዲኖር። ቅዳሜ ሊወስደው ተስማሙ። በር ላይ ደርሶ ዞር ብሎ አያት፤ እሷም ያ አስተያየት እስከ ቅዳሜ የሚበቃት መስሏት ነበር።

❖

ረቡዕ ስክሪኑ አልመጣም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ስልክ ጮኸች።

«ሰላሙ?» አለ አንድ የደከመ ድምፅ።

«ሰላሙ አይደለሁም፣ እማማ። ኖኤሚ እባላለሁ። ስልኩ ተሰብሮ እኔ ጋ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሳል ተሰማ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ኖኤሚ ቆማ ጠበቀች።

«ስልኩን የሸጥሽለት ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ተሰብሮበት ነው እንጂ ረስቶኝ አይደለም፣ አይደል?»

«እንዴት ይረሳዎታል? እኔ አሁን ባቡር ይዤ የሚሠራበት ልሂድና ላገናኝዎት። ሩቅ አይደለም።»

«ተዪ፣ ተዪ። ከሥራው አታስነሺው፣ አሠሪው ይቆጣዋል። ቅዳሜ ሲመጣ ይደውልልኝ።» ቀጥለው ደግሞ «ስልኩ ከባድ ነው ይላል። እውነቱን ነው?» አሏት።

«ትንሽ ከበድ ይላል።»

«አባቱም ከባድ ሰው ነበር» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ኖኤሚ ደህና ሰንብቱ ልትል ስትል እሳቸው ቀደሟት። «ለመሆኑ ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ምነው እስካሁን? ብዪ እንጂ፣ ልጄ። ሰው ሥራ እያለ ሆዱን ይረሳል?» ብለው ምን ምን ዓይነት ምግብ እዚያ አገር እንዳለ ጠየቋት፤ የምትሠራውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስልኩ ሲዘጋ ኖኤሚ ብቻዋን ፈገግ ብላ ነበር። ኦስቲያ ልሂድ እንዴ ብላ አሰበች፤ ቦርሳዋንም አነሳች። ግን እኮ ቅዳሜ ብለዋል። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት የደወለችው የሰላሙ እህት ጽዮን ናት። ኖኤሚ መጀመሪያ የሰማችው ቃል ሳይሆን የሴቶች ጩኸት ነበር።

«እማዬ ሌሊት ዐረፈች» አለች ጽዮን። «እንዳትነግሪው፣ እባክሽ። እዚያ ትልቅ ሰው የለም?»

ያን ዕለት ጠዋት፣ የፌራጎስቶ ማግስት መሆኑን ነው እንግዲህ፣ አንድ ላብ ያጠመቀው ሾፌር በሩን ከፍቶ አንዲት ቀጭን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሄደ። በላይዋ የሰላሙ ስም ተጽፎባታል። ኖኤሚ ፈርማ ተቀበለችና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳጥኗን እያየች አለቀሰች። ርካሹን ስልክ ቢገዛ ኖሮ ሐሙስ ዕለት እናቱ የሚያናግሩት እሱን ነበር። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ለራሷ ነው የነገረችው፤ ሌላ ሰው ቢላት ይቀላት ነበር።

እናቷ መኪናቸውን አስነስተው ሮማኒና ወሰዷት። በዚያ ሕንፃ የሰው ሐዘንም ደስታም የሚያልፈው በእትዬ ጌጤ በኩል ነው። እትዬ ጌጤ ነገሩን ሰምተው ደረታቸውን ያዙ፤ ካለቀሱ በኋላ ግን ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ።

«እሁድ ማለዳ፣ ሰው ሆነን፣ ሽማግሌውን ጋሽ ጌትነትን ይዘን ነው የምንነግረው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

«ለምን ዛሬ አንነግረውም?» አለች ኖኤሚ። «እናቱ ናቸው። የማወቅ መብት አለው።»

«በሥራ ቦታው? ሰው በሌለበት? አሸዋ ላይ ይውደቅ?» እትዬ ጌጤ ተቆጥተው አይደለም የተናገሩት። «ልጄ፣ መርዶ ለብቻ አይሰማም። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። ስልኩንም አትስጪው፤ ከሰጠሽው ፌስቡኩ ቀድሞን ይናገራል። አልመጣም በይው። ጥቁርም እንዳትለብሺ፤ ፊትሽም ደህና ይምሰል።»

ዕድሜዋን ሙሉ ሁሉም ነገር ተከፍቶ ይታይ ስትል የኖረች ልጅ፣ ተከፍቶ የሚጠገን ስልክ ዘግታ እንድታስቀምጥ ታዘዘች። እሺ አለች።

«ስለ እናቱ ቢጠይቀኝስ?» አለች ሲመለሱ መኪና ውስጥ።

ወይዘሮ ካርሜላ መንገዱን እያዩ መለሱ። «ጠበል ሄደዋል በይው። አያቴ የሞቱ ጊዜ ለእናቴ የተነገራት እንዲሁ ነው። እኛ ሰፈር ሁሉም የሚለው እሱን ነበር።»

❖

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰላሙ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጸጉሩ ውስጥ አሸዋ ይዞ፣ በወረቀት ከረጢት ኮክ አንጠልጥሎ ገባ።

«ከኦስቲያ ገበያ ነው» አለና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። «አንዱን በባቡር ውስጥ በልቼዋለሁ። መቅመስ ነበረብኝ።»

ኖኤሚ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ ከንፈሯን ቀብታለች። ሰላሙ አይቷት ደስ አለው። ለእሱ የለበሰችው መሰለው። እውነትም ለእሱ ነበር።

«አሎራ፣ ስልኬስ?»

«አልመጣም» አለች። ይህችን ቃል ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ ተለማምዳታለች። «ፌራጎስቶ ነው፤ መኪኖቹ ቆመዋል። ማክሰኞ ነው ያሉኝ።»

«ተይ እንጂ። ርካሹን ልግዛ ስልሽ…» ሊቀልድባት ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ ካቻቢቴዎቿን በመጠናቸው መደርደር ጀመረች።

ሰላሙ ቀልዱን ተወው። ኖኤሚ ዓይን ዓይኑን እያየች የምትናገር ልጅ ናት፤ የወደዳትም በዚያ ነው። ዛሬ አንዴ እንኳ ቀና አላለችም። ልቡ ወዲያው የሄደው ወደ ወይዘሮ ካርሜላ ነበር።

«እናትሽ ስለ እኔ ያሉሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ካለ ንገሪኝ። ስፖርቴሎው፣ የፈቃድ መስኮቱ ላይ ነው እንዲህ የሚናገሩኝ፤ ሴትዮዋ ወረቀቷን እያየች ዶማኒ፣ ነገ ና ትለኛለች፣ ማክሰኞ ትለኛለች። አንቺ እንደዚያ አትሁኚብኝ፣ ኖኤሚ።»

«አልሆንኩም» አለች፤ እጇ ላይ ያለው ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ሰላሙ አነሳላት። ቅር ብሎታል፤ ግን ተጣልቶ መሄድ አልፈለገም። «እሺ፣ ስልክሽን ስጪኝና እማዬን ላናግራት። ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም።»

«አይገኙም» አለች ቶሎ ብላ። «እህትህ ደውላ ነበር። ጠበል ሄደዋል። እዚያ ኔትወርክ የለም አለች።»

ሰላሙ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

«እማዬ? ጠበል? እናቴ እኮ ጴንጤ ናት፣ ኖኤሚ። አክስቴ ጠበል ይዛላት መጥታ ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል። እህቴ ናት እንዲህ ያለችሽ…»

ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

አገሩን ትቶ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይህን ወሬ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አባቱ ለሞቱበት አብሮት ለሚኖር ልጅ «አባትህ ጠበል ገብተዋል» ብሎ እስኪነጋ ያቆየው ራሱ ሰላሙ ነበር፤ ልጁም አምኖት ተኝቶ ነበር። አሁን የኖኤሚን የተቀባ ከንፈር አየ፣ አዲስ ቀሚሷን አየ። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ስሙ የተጻፈባት ቀጭን ሳጥን ነበረች።

የሱቁ በር ተከፈተ። አንዲት ማራገቢያ የያዙ ሴትዮ ገብተው መስታወቱ ውስጥ ያለውን ስልክ በጣታቸው አሳዩ። «የሚጠገን ነው የሚሉት ይህ ነው?» አሉ በጣልያንኛ። «ዋጋውን አይቼ ደነገጥኩ። እውነት ያዋጣል?»

ይህ ጥያቄ ለኖኤሚ በቀን ስንት ጊዜ ይቀርብላት ነበር።

ዛሬ ግን የመለሰላቸው ሰላሙ ነው። በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛው፣ ረጋ ብሎ፣ እሷ በጥር ወር እንዳስረዳችው አድርጎ። «ይከፈታል፣ ሲኞራ። ይጠገናል። የቆፈረውም ሰው ድርሻውን ያገኛል ይላሉ፣ ያ ጥሩ ነገር ነው። መለዋወጫው ሲዘገይ ግን መጠበቅ አለብዎት። የሚጠብቅዎ ሰው ከሌለ ያዋጣል።»

ሴትዮዋ አመስግነው እንደሚያስቡበት ተናግረው ወጡ።

«ጠግኚልኝ» አለ ሰላሙ።

«ሰላሙ፣ እኔ…»

«ስልኩን ጠግኚልኝ፣ ኖኤሚ።»

ሳጥኑን አወረደች። ብሎኖቹን መፍታት ጀመረች። ሰላሙ መዳፉን ዘረጋላት፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አስቀመጠችበት። የተሰበረውን አውጥታ አዲሱን ገጠመችው። ዕንባዋ ጠረጴዛው ላይ ሲንጠባጠብ በክንዷ ጠረገችው፤ ውሃ ውስጡ እንዳይገባ ሰጋች፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ለስልኩ መስጋቷ ራሷን አስጠላት። ሲም ካርዱን መለሰችና አበራችው።

ስክሪኑ ላይ እናቱ ነበሩ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሳይዘጋጁ የተነሱት ፎቶ ነው፤ ደብዘዝ ያለ።

«ይኸው ሠራ» አለ ሰላሙ። «ስልኩስ ሠራ።»

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቼ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። ሐሙስ እንዳናገሯትም ነገረችው። ባቡር ይዛ ልትመጣ እንደነበር፣ እናቱ እንደከለከሏት፣ ቦርሳዋን መልሳ እንዳስቀመጠች፣ አንዱንም ሳትደብቅ።

«ሐሙስ» አለ። «ሐሙስ እኮ ወንበር ላይ ያለ አሸዋ ስጠርግ ነበር።» ከዚያም ቀጠለ፦ «እሷ ሁልጊዜ አትረብሹት ነው የምትለው። አንቺ ግን መምጣት ነበረብሽ።»

«ነበረብኝ።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ?»

«ምሳ በልተሽ እንደሆን ብለው ጠየቁኝ።»

ሰላሙ እስካሁን ችሎ ነበር። ይህን ሲሰማ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ኖኤሚ ልትይዘው ተነሳች፤ መያዝ ይገባት እንደሆነ አላወቀችምና እዚያው ቆመች። የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል ያሉት እትዬ ጌጤ ልክ ነበሩ። ሲወድቅ አጠገቡ የተገኘችው ግን የጣለችው እሷ ነች።

«እሁድ እሁድ ስንነጋገር ልትዘጋው ስትል ነው የምትጠይቀኝ» አለ ከእጁ ውስጥ። «በልቻለሁ ካልኳት ተመስገን ብላ ትዘጋዋለች። አልበላሁም ካልኳት ግን ትቆጣና ትቆያለች። ስለዚህ በልቼም አልበላሁም እላት ነበር።»

ፊቱን ጠረገና ተነሳ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ነገ ጠዋት ነው የሚመጡት?»

«አዎ። እትዬ ጌጤና ጋሽ ጌትነት።»

«ነግሬዋለሁ ብለሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

በር ላይ ሲደርስ እንደ ሰኞው ዞር ይላል ብላ ጠበቀች። አልዞረም። ኮኮቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ ሱቁን ሽታቸው ሞላው፤ ኖኤሚ ከዚያ በኋላ ኮክ የምትበላ አይመስላትም ነበር።

❖

ማታ ስልኳን አንስታ ለእትዬ ጌጤ ልትደውል ብዙ ጊዜ ሞከረች፤ ሲያነሱ ግን «ደህና ነው?» ሲሏት «ደህና ነው» አለች። ፈሪ ናት አልልም። እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሕንፃው ሥር ተሰበሰቡ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮት የደረቡ ወንዶች፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት። ወይዘሮ ካርሜላም ጥቁር ለብሰው መጥተዋል፤ ልጃቸውን ብቻዋን ሊልኳት አልወደዱም።

«አላወቀም አይደል?» አሉ እትዬ ጌጤ በሹክሹክታ። «ፊቱን አይተሽዋል፤ ምንም አልጠረጠረም?»

ኖኤሚ መልስ ሳትሰጥ ጋሽ ጌትነት በሩን አንኳኩ። አሁን ይናገራል ብላ አሰበች። ትናንት ሱቅ ውስጥ ሰማሁ፣ በጠበል ወሬ ሰማሁ ይላል፤ ይህ ሁሉ ሰው ዞሮ ያየኛል።

ሰላሙ ከፈተ። ዓይኖቹ አብጠዋል፤ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ዓይንም ያብጣል። ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ኖኤሚ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አለፈ።

«ምነው በማለዳ?» አለ። «ጋሽ ጌትነት፣ ደህና አይደላችሁም?»

ኖኤሚ የእናቷን ክንድ ይዛ ቆመች።

ጋሽ ጌትነት አስገብተው አስቀመጡት። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ እናቱ ድካም፣ ሥቃያቸው ስለማብቃቱ። ሰላሙ እያንዳንዱን ቃል አዲስ እንደሆነ ሁሉ አዳመጠ። «ዐርፈዋል፣ ልጄ» ሲሉት ጮኸ። ሰው ሁሉ ተረባርቦ ያዘው፤ እትዬ ጌጤ አንገቱን፣ ሌሎቹ እጁን። እሱም ራሱን ለቀቀላቸው። ልቅሶው የማስመሰል አልነበረም። ትናንት ሱቁ ወንበር ላይ አልቅሶ ያልጨረሰው፣ ለዚህ ሰዓት የቀረ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሁለተኛ ጊዜ እንደሰማው የምታውቀው ኖኤሚ ብቻ ናት፤ ስለ እሷ ብሎ ነገሩን እንደገና ሊሰማ እንደተቀመጠም የገባት እሷ ብቻ ናት። የእናቱን ሞት አንድ ጊዜ መስማት ይበቃው ነበር።

ረፈድ ሲል ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሰው በረከተ፣ ከየክፍሉ ምግብ መጣ። ድንገት ከትራሱ ሥር ስልክ ጮኸ። ከአገር ቤት ነው። እትዬ ጌጤ ደንግጠው ዞሩ።

«ይህ ስልክ ከየት መጣ?»

«ኖኤሚ ናት» አለ ሰላሙ ሳያያት። «ዛሬ ከእናንተ ጋር ስትመጣ ይዛልኝ መጣች።»

እትዬ ጌጤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው። የተነገራትን ጠበቀች» ብለው የኖኤሚን ጉንጭ ሳሙ፤ በዚያው ትኩስ ወጥ ያለበት ሳህን ይዘው መጥተው፣ እንቢ ብትልም በጉርሻ አጠገቧት። ወይዘሮ ካርሜላ ልጃቸውንና ልጁን ተራ በተራ አዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የት ሊያኖርሽ ነው ብለው አልጠየቋትም።

ኖኤሚ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ምን እንደቀራት አታውቅም። ይህን ያህል የሸፈናት ሰው ይቅር ብሏት ይሁን ወይም ያለ ጭቅጭቅ ሊሰናበታት፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። ሰላሙ ከጽዮን ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ስልኩን በመዳፉ ይዞ ቆየ። እናቱን ሊቀብር የማይችል ሰው ነው፤ ያለው ይህ ብቻ ነው፤ ከባዱ ስልክ። ከዚያ ተነሳ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ወደ ውጪ ሊወጣ መስሏቸው ነበር።

ኖኤሚ ፊት ቁጭ አለ። ድምፁ በልቅሶ ተዘግቷል።

«በልተሻል?» አላት።

የእትዬ ጌጤ ጉርሻ ገና ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

«አልበላሁም» አለች ኖኤሚ።